በታይፔይ አውሮፓን፣ በቶኪዮ ታይዋንን የሠራው ሰው

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ለአርክቴክቸር ተማሪዎችና ለወዳጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ።

በአንድ ፎቶ ልጀምር። ቀይ የጡብ ሕንፃ ነው። በጡቡ ላይ ነጭ መስመር እየደጋገመ አግድም ይሄዳል፣ ልክ እንደ ጥለት። መሃሉ ላይ ረጅም ማማ ቆሟል። ይህን ፎቶ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለንደን ነው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር በቡና ተወራረድኩ። ተበላሁ። ሕንፃው ያለው ታይፔይ ነው። ዛሬ የታይዋን ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ነው። ያሠሩት ደግሞ እንግሊዞች አይደሉም፣ ጃፓኖች ናቸው።

ጃፓን ታይዋን ሄዳ፣ የእንግሊዝ የሚመስል ሕንፃ የሠራችው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው ሞሪያማ ማትሱኖሱኬን ያገኘሁት። የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደሞዝተኛ። ከታላላቆቹ አርክቴክቶች ተርታ ስሙን የሚጠራው ብዙ ሰው የለም። ግን ታይዋን ውስጥ አንድ ሳምንት ብትቆዩ ሳታውቁት ሦስት አራት ሕንፃውን ታያላችሁ።

ሞሪያማ በ1869 ኦሳካ ተወለደ። አባቱ ዲፕሎማት ነበር። አጎቱ ጎዳይ ቶሞአትሱ የኦሳካን ንግድ ምክር ቤት የመሠረተ ትልቅ ሰው ነው። የደህና ቤት ልጅ ነው ማለት ነው። በ1897 ከቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ በአርክቴክቸር ተመረቀ። መምህሩ ታትሱኖ ኪንጎ ይባላል። ስለ መምህሩ ትንሽ ካላወራን የቀረው ነገር አይገባንም።

ጃፓን በሜጂ ዘመን በሯን ስትከፍት የፈረንጅ ሕንፃ መሥራት የሚችል ጃፓናዊ አልነበራትም። ስለዚህ በ1877 ጆሳያ ኮንደር የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ አስመጣች፣ አስተምርልን ብላ። በ1879 የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ተመረቁ። አንዱ ታትሱኖ ነው። ወደ ለንደን ሄደ፣ ተማረ፣ ተመለሰ፣ የኮንደርን ወንበር ወረሰ። ለንደን ሳለ በዘመኑ ፋሽን የነበረው ቀይ ጡብና ነጭ ድንጋይ የተፈራረቀበት አሠራር ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያንን ይዞ መጣ። ጃፓኖች እስከ ዛሬ «የታትሱኖ ስታይል» ይሉታል። በ1914 የተከፈተውን የቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እንግዲህ ነገሩ ተቀባብሎ ተቀባብሎ ነው ታይፔይ የደረሰው። ከለንደን ለታትሱኖ፣ ከታትሱኖ ለሞሪያማ።

አሁን ወደ ታይዋን እንሂድ። ጃፓን ቻይናን በጦርነት አሸንፋ በ1895 በሺሞኖሴኪ ውል ደሴቲቱን ወሰደች። የመጀመሪያዋ ትልቅ ቅኝ ግዛቷ ናት። እዚህ ላይ የጃፓኖቹን ጭንቀት ልብ በሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እነሱ ራሳቸው ከአውሮፓ ጋር እኩል ያልሆነ ውል የተጫነባቸው ናቸው። አሁን «እኛም እንደናንተ ነን፣ እኛም ቅኝ እንገዛለን» ማለት ፈለጉ። ያንን የሚያዩላቸው ሁለት ተመልካቾች ነበሩ። አንዱ የታይዋን ሕዝብ ነው፣ ይፈራ ዘንድ። ሁለተኛው ፈረንጅ ነው፣ ያከብር ዘንድ። ቀይና ነጩ ልብስ ለሁለቱም ነው የተሰፋው። ይህ የኔ አነባበብ ነው፤ የማይስማማ ካለ በጥያቄው ሰዓት ይሞግተኝ።

መጀመሪያ ላይ ግን ነገሩ አልተሳካም። ጠቅላይ ገዥው ጽሕፈት ቤቱን ያደረገው በድሮው የቻይና አስተዳደር ግቢ ውስጥ ነበር። በ1898 ኮዳማ ጌንታሮ ጠቅላይ ገዥ፣ ጎቶ ሺምፔይ ደግሞ የሲቪል አስተዳደሩ ኃላፊ ሆነው መጡ። ጎቶ ሐኪም ነው። ከተማውን እንደ በሽተኛ ነው ያየው፤ ውኃ፣ ፍሳሽ፣ መንገድ። የታይፔይ የድሮ ግንብ አጥር ፈረሰና በቦታው ሰፋፊ ጎዳና ወጣ። በ1901 ደግሞ ለጠቅላይ ገዥው የሚያምር መኖሪያ ተሠራለት።

ያንን መኖሪያ ማን አጠቃው መሰላችሁ? ሽፍታ አይደለም። ምስጥ ነው።

ምስጥ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ገጠር ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የጃፓን አርክቴክቶች ግን በእንጨት ያደጉ ሰዎች ናቸው፣ ጣሪያው እንጨት፣ ወለሉ እንጨት። ታይዋን ሙቀትና እርጥበት አለ፣ ምስጡ ደግሞ ሥራ አይፈታም። አሥር ዓመት ሳይሞላው የገዥው ቤት ጣሪያ ተበላ። ከ1911 እስከ 1913 ቤቱ እንደገና ተሠራ። የሠራው ሞሪያማ ነው። ፈረንሳዮች የሚወዱትን ዳገታማ ጣሪያ ጫነበት። ዛሬ የመንግሥት እንግዳ መቀበያ ነው፣ አንዳንድ ቀን ለሕዝብ ይከፈታል።

ሞሪያማ ታይዋን የገባው በ1907 አካባቢ ነው። የተቀጠረው በጠቅላይ ገዥው ጽሕፈት ቤት የሕንፃ ግንባታና ጥገና ክፍል ነው። አለቃው ኖሙራ ኢቺሮ ይባላል። ገና እንደገባ ከእጁ ካለፉት ሥራዎች አንዱ የታይፔይ የስልክ ማዞሪያ ነው። ቆንጆ ሕንፃ አይደለም። ግን በታይዋን ከመጀመሪያዎቹ የአርማታ ሕንፃዎች አንዱ ነው። አርማታን ምስጥ አይበላውም። ብዙ ሰው የጃፓኖቹን የአርማታ ፍቅር በዘመናዊነት ይተረጉመዋል። እኔ ግማሹን ለምስጥ ነው የምሰጠው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተናግሬ ልለፍ። «ሞሪያማ ሠራው» ስል በጥንቃቄ ስሙኝ። የመንግሥት ቢሮ ነው። ንድፉ ላይ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ አለቃ አለ፣ ረዳት አለ፣ ሌሊት ሙሉ መስመር ሲያሰምር የሚያድር አለ። ጡቡን የደረደረው ደግሞ የታይዋን ግንበኛ ነው። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። እያንዳንዳችሁም ስማችሁ ሳይጻፍ የሚቆም ሕንፃ አላችሁ፣ ወይ ይኖራችኋል።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። በ1907 የጠቅላይ ገዥው መንግሥት ለአዲሱ ጽሕፈት ቤት የንድፍ ውድድር አወጣ። በጃፓን እንደዚያ ያለ ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ በግልጽ ውድድር ሲወጣ አዲስ ነገር ነበር። ከዳኞቹ አንዱ ያው መምህሩ ታትሱኖ ነው። ከመጀመሪያው ዙር ሰባት ሰዎች አለፉ። ሞሪያማ ራሱ ከሰባቱ አንዱ ነበር። በ1909 ውጤቱ ወጣ። አንደኛ ማንም አልሆነም! ዳኞቹ አንደኛውን ሽልማት ያዙት፣ ለማንም አልሰጡም። ሁለተኛውን ለናጋኖ ኡሄይጂ ሰጡ። ናጋኖም የታትሱኖ ተማሪ ነው፣ የባንክ ሕንፃ በመሥራት የታወቀ ሰው። ሰውየው አልተዋጠለትም። ከሁሉ የበለጠ የኔ ከሆነ ለምን ሁለተኛ ትሉኛላችሁ ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን አልቀበልም ነበር።

ከዚያስ? የናጋኖ ንድፍ ተመረጠ፣ ሥራው ግን ለሞሪያማ ተሰጠ። በውድድሩ ያልተሸለመው ሰው፣ የተሸለመውን ሰው ንድፍ እየቀየረ ሠራው። ዋናው ለውጥ ማማው ላይ ነው። ናጋኖ የሣለው ማማ ዝቅ ያለ፣ ጨዋ ነገር ነበር። ሞሪያማ ወደ 60 ሜትር ሰቀለው። በዚያ ዘመን በከተማው ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ አልነበረም፤ የትም ሆናችሁ ቀና ካላችሁ ገዥው አለ። መስኮቱንና በሩንም የበለጠ አስጌጠው። አንዳንድ ባለሙያዎች የናጋኖ ይሻል ነበር ይላሉ። እኔ ከሁለቱ ምረጥ ብባል የናጋኖን ነው የምመርጠው። ግን ቅኝ ገዥ ጨዋ ማማ አይፈልግም፣ ሞሪያማም ይህን ያውቅ ነበር። የአሠሪውን ፍላጎት ሳይነግሩት የሚያውቅ ሠራተኛ ነው።

ግንባታው በጁን 1912 ተጀመረ፣ በማርች 1919 አለቀ። ሰባት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። ወጪው ወደ 2.8 ሚሊዮን የን ነው። በዚያው በማርች 1919 መምህሩ ታትሱኖ በኅዳር በሽታ፣ ፈረንጆቹ የስፔን ጉንፋን በሚሉት ማለቴ ነው፣ ቶኪዮ ውስጥ ሞተ።

ስለ ሕንፃው ፕላን የሚወራ ነገር አለ። ከላይ ሲታይ አራት ማዕዘን ሆኖ መሃሉ በአንድ አግዳሚ የተከፈለ ነው። ሁለት መስታወት ያለው መስኮት አስቡ። በጃፓን ፊደል ይህ ቅርጽ «ፀሐይ» ማለት ነው፣ የአገሪቱም ስም በእሱ ነው የሚጀምረው። ፊቱም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ሆን ተብሎ ነው ይላሉ አስጎብኚዎች። ሊሆን ይችላል። ግን እናንተ አርክቴክቶች ናችሁ፤ በሞቃት አገር እንዲህ ያለ ሰፊ ሕንፃ ስትሠሩ ነፋስና ብርሃን እንዲገባ መሃሉ ላይ ሁለት ግቢ ትከፍታላችሁ። ሁለት ግቢ ስትከፍቱ ያው ፊደሉ ይወጣላችኋል። ዙሪያውን ያሉት በረንዳዎችም ጌጥ ብቻ አይደሉም። ፀሐዩን ከግድግዳው ያርቃሉ።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ነጩ መስመር። ለንደን ቢሆን የተጠረበ ድንጋይ ነው። ታይፔይ ላይ ግን አብዛኛው ድንጋይ አይደለም፣ ልስን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ከደቀቀ ጠጠር ጋር ይቦካል። ጡቡ ላይ ይለሰናል። ጭልጥ ብሎ ከመድረቁ በፊት፣ ሰዓቱ ሳያልፍ፣ ግንበኛው በውኃና በብሩሽ ላዩን ያጥበዋል። የላይኛው ሲሚንቶ ሲሄድ ጠጠሩ ብቅ ይላል። ከሩቅ ድንጋይ ነው። ጠጋ ብለው በጣት ሲነኩት የተጣበቀ ጠጠር ነው። ቶሎ ካጠቡት ይረግፋል፣ ካረፈዱ አይታጠብም። እጁን የሚያምን ሰው ይፈልጋል። የታይዋን ግንበኞች ይህን ሙያ እስከ ዛሬ አልረሱትም፣ በየመንደሩ የድሮ ቤት ግድግዳና ምሰሶ ላይ ታገኙታላችሁ።

ሞሪያማ ይህን ትልቁን ሕንፃ እያሠራ ሌላም ይሠራ ነበር። ሰውየው እንቅልፍ ነበረው ወይ ያሰኛል። የታይፔይ፣ የታይቹንግና የታይናን የክልል አስተዳደር ሕንፃዎች የሱ ናቸው። ሦስቱም በ1913 እና በ1916 መካከል ነው አገልግሎት መስጠት የጀመሩት። ሦስቱንም ብትደረድሩ ዘመዳሞች መሆናቸው ያስታውቃል። በሩ መንገዱ ዳር ሳይሆን ማዕዘኑ ላይ ነው። ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሕንፃው ሁለት ክንፉን ዘርግቶ፣ ጥጉ ላይ በሩን አቁሞ ይጠብቃል። ከሁለቱም መንገድ የሚመጣ ሰው ፊት ለፊት ያገኘዋል። ጎበዝ ዘዴ ነው፣ ትንሽ ቦታ ይዞ ትልቅ መምሰል።

በነዚያው ዓመታት የሞኖፖል መሥሪያ ቤቱንም ሠራ። ይህ መሥሪያ ቤት ኦፒየም፣ ጨው፣ ካምፎርና ትምባሆ የሚሸጠው ክፍል ነው። ኦፒየም ስል በስሕተት እንዳይመስላችሁ። የጎቶ ፖሊሲ ሱሰኛውን በፈቃድ ደብተር መዝግቦ፣ ኦፒየሙን መንግሥት ራሱ እየሸጠ፣ ቀስ በቀስ ማጥፋት የሚል ነበር። እስኪጠፋ ድረስ ግን ገቢው ለገዥው ካዝና ጥሩ ነበር። የሞሪያማ ቀይና ነጭ ግድግዳ የተከፈለው ከእንዲህ ካለው ገንዘብ ጭምር ነው።

አሁን ታይናን ላይ ትንሽ እንቆይ። ከሞሪያማ ሥራ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ከተማ ነው።

ታይናን ውስጥ ሞሪያማ ሁለት ትልልቅ ሕንፃ አለው። አንደኛው ፍርድ ቤት ነው፣ በ1914 ያለቀ። ጉልላት አለው፣ ከጉልላቱ ሥር ዓምዶች የከበቡት አዳራሽ። በአንድ ጎኑ ማማም ነበረው፣ በ1969 ፈረሰ። ሁለተኛው በ1916 የተከፈተው የአስተዳደሩ ሕንፃ ነው፣ ከፊቱ ብዙ መንገድ የሚገናኝበት ክብ አደባባይ አለ።

ፍርድ ቤቱ ከተከፈተ በዓመቱ፣ በ1915፣ ከታይናን ወጣ ባሉት ተራሮች አመፅ ተነሣ። የታፓኒ አመፅ ይባላል። ገበሬዎች ናቸው፣ ክታብ ጥይት ይመልሳል ብለው የተነሡ። ፖሊስ ጣቢያ አጠቁ፣ ጃፓናውያን ገደሉ። ጦሩ መጥቶ ደመሰሳቸው። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ተያዘ። በታይናን በተቋቋመው ጊዜያዊ ፍርድ ቤት 866 ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው። ቁጥሩ ቶኪዮ ውስጥ እንኳ ሰው አስደነገጠ። በንጉሠ ነገሥቱ በዓለ ንግሥ ምክንያት ምሕረት ወጥቶ ለብዙዎቹ ቅጣቱ ወደ እስራት ተለወጠ። ከዚያ በፊት ግን ብዙዎች ተገድለው ነበር። ይህ ችሎት የዋለው ገና ልስኑ በደንብ ባልደረቀው የሞሪያማ ሕንፃ ውስጥ ነው።

በዚያ አመፅ ከሞቱት መካከል አንድ ጃፓናዊ ፖሊስ ነበር። ሚስቱ ታይዋናዊት ነበረች። የስምንት ዓመት ልጅ ትቶ ሞተ። ልጁ በእናቱ የቤተሰብ ስም አደገ፣ ታንግ ዴጃንግ ተብሎ። መጀመሪያ እንደ አባቱ ፖሊስ ሆነ። በኋላ ቶኪዮ ሄዶ ሕግ ተማረና ታይናን ተመልሶ ጠበቃ ሆነ።

በ1945 ጃፓን ተሸንፋ ወጣች፣ የቻይና ብሔርተኞች ገቡ። የሞኖፖል መሥሪያ ቤት ግን በአዲሱ መንግሥትም አልቀረም። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1947 ታይፔይ ውስጥ የሞኖፖል ተቆጣጣሪዎች ሲጋራ በመንገድ የምትሸጥ ሴት መቱ። አንድ ተመልካች በጥይት ሞተ። በማግስቱ ከተማው ተነሣ፣ ከዚያ ደሴቱ በሙሉ። ታንግ ታይናን ውስጥ ሰላም ለማስከበር ከቆሙት ሰዎች አንዱ ነበር። ወታደሮች ሊይዙት ሲመጡ የሌሎች ስም ያለበትን ወረቀት አቃጥሎ ብዙ ሰው እንዳተረፈ ይነገራል። ማርች 13 ቀን 1947 በዚያ ክብ አደባባይ ላይ በአደባባይ ረሸኑት።

ቦታውን አሁን በዓይነ ልቡናችሁ አስቀምጡት። አባትየው የሞተበት አመፅ የተዳኘው በሞሪያማ ፍርድ ቤት ነው። ልጁ የተገደለው በሞሪያማ የአስተዳደር ሕንፃ ፊት ነው። አባትን የገደሉት በጃፓን ላይ የተነሡ ገበሬዎች ናቸው፣ ልጅን የገደለው ከጃፓን በኋላ የመጣው መንግሥት ነው። ሕንፃዎቹ አልተነቃነቁም። ዛሬ አደባባዩ በታንግ ስም ይጠራል። ፍርድ ቤቱ የፍትሕ ሙዚየም ሆኗል። የአስተዳደሩ ሕንፃ በ1945 በቦምብ ጣሪያው ተቃጥሎ ነበር፤ ታድሶ ከ2003 ጀምሮ የታይዋን ሥነ ጽሑፍ ሙዚየም ነው። ከጀርባው አዲስ ክፍል ሲጨመርለት የድሮው የውጭ ግድግዳ ወደ ውስጥ ገባ። አዳራሽ ውስጥ ቆማችሁ ከመቶ ዓመት በፊት ዝናብ ሲመታው የነበረውን ጡብ በእጃችሁ መንካት ትችላላችሁ።

ከባድ ነገር አወራሁ። ወደ ፍል ውኃ እንሂድ።

ቤይቶው ከታይፔይ ወጣ ብሎ ያለ የፍል ውኃ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ በፍል ውኃ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናትና ብዙ ማብራራት አይጠበቅብኝም። በ1913 እዚያ የሕዝብ መታጠቢያ ተሠራ። የሞሪያማ ሥራ ነው ይባላል። ታችኛው ፎቅ ጡብ፣ ላይኛው እንጨት፣ የእንግሊዝ የገጠር ቪላ የሚመስል። ሰፊው ገንዳ ታች ነው፣ ዙሪያውን ቅስትና ዓምድ ከቦታል። ባለቀለም መስታወት ካላቸው መስኮቶች ብርሃኑ ወደ ውኃው ይወርዳል። በዚህ ገንዳ ሰው የሚታጠበው ቆሞ ነው። ታጥበው ሲያበቁ ደረጃውን ወጥቶ ሰሌን የተነጠፈበት አዳራሽ ውስጥ ጋደም ማለት ነው። ታች ሮም፣ ላይ ጃፓን። በ1923 አልጋ ወራሹ ሂሮሂቶ ታይዋንን ሲጎበኝ ቤይቶውም ሄዶ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ቤቱ ለተለያየ መሥሪያ ቤት ሲያገለግል ቆየና ተረሳ። ሣር በቀለበት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቤይቶው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ከመምህሮቻቸው ጋር ስለ ሰፈራቸው ሲያጠኑ ፍርስራሹን አገኙት። ቤቱ ይጠበቅልን ብለው ለባለሥልጣናት አመለከቱ። ተሰማላቸው! በኦክቶበር 1998 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ዛሬም ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ።

ሞሪያማ በ1921 ታይዋንን ለቅቆ ቶኪዮ ገባና የራሱን ቢሮ ከፈተ። አሥራ አራት ዓመት ገደማ ነው የቆየው። ቢሮው ለኢዴ ካኦሩ ትውልድ ቀረ። ኢዴ መጀመሪያ የሞሪያማ ረዳት የነበረ፣ በኋላ የታይዋን የመንግሥት ሕንፃዎች ዋና ሰው የሆነ ነው። ቀይና ነጩን ትቶ ቡናማና አረንጓዴ ሸክላ ወደ ለበሰ፣ ጌጡ ወደ ቀነሰ ሕንፃ አመዘነ። የታትሱኖ ስታይል ጊዜው አልፎ ነበር። በ1923 ደግሞ የቶኪዮው የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና ጡብ እንዴት እንደሚፈርስ ለሁሉም አሳየ።

በ1924 አልጋ ወራሹ ሂሮሂቶ አገባ። ሞሪያማ የሙሽራይቱን አባት የልዑል ኩኒን መኖሪያ በዚያው ዓመት ሠርቶ ነበር። ታይዋን ውስጥ የሚኖሩ ጃፓናውያን ደግሞ ለሠርጉ ስጦታ ገንዘብ አዋጡ። ስጦታው ምን ይሁን ሲባል፣ በቶኪዮ በሺንጁኩ የንጉሣውያን አትክልት ስፍራ ኩሬ ዳር ማረፊያ ቤት ይሠራ ተባለ። ንድፉ ለሞሪያማ ተሰጠ፣ በ1927 አለቀ።

ይህን ቤት ነው ላሳያችሁ የመጣሁት። እስቲ እዩት። ቀይ ጡብ የለም። ነጭ መስመር የለም። ማማ የለም። ጣሪያው ጫፍና ጫፉ ላይ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ይታጠፋል። የደቡብ ቻይና፣ የፉጂያን አሠራር ነው፤ አብዛኛው የታይዋን ሕዝብ አያት ቅድመ አያት ይዘውት የመጡት። ሰውየው አሥራ አራት ዓመት ታይዋን ሲኖር ለመንግሥቱ እንዲህ ዓይነት ጣሪያ አልሠራም። በየቀኑ ወደ ቢሮ ሲሄድ በአጠገቡ ያልፍ ነበር። ያውቀው ነበር ማለት ነው፣ አይቶታል፣ ወዶታልም ይሆናል። ታይፔይ ላይ ግን ታይዋንን መምሰል ሥራው አልነበረም። ቶኪዮ ሲመለስ፣ ታይዋን ስጦታ ስትሆን፣ ሠራው።

እዚህ ላይ አድናቆትና ቅሬታ ተደባልቀውብኛል። ቤቱ ያምራል። ግን የአንድ ሕዝብ ጣሪያ ለሰው ሠርግ ጌጥ ሆኖ ሲሄድ ማየትም ደስ አይልም።

ሜይ 1945 ደረሰ። የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ቶኪዮን አነደዱ። በሺንጁኩ አትክልት ስፍራ የነበረው ሁሉ ማለት ይቻላል ወደመ። ከተረፉት ሁለት ሕንፃዎች አንዱ ይህ የታይዋን ማረፊያ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ሜይ 31 ቀን፣ ታይፔይ ተደበደበች። የጠቅላይ ገዥው ጽሕፈት ቤት ተመታ፣ እሳቱ ለቀናት ነደደ። በአንድ ወር ውስጥ በታይዋን የሠራው አውሮፓ ተቃጠለ፣ በጃፓን የሠራው ታይዋን ተረፈ። ሞሪያማ ያኔ በሕይወት ነበር፣ የ70 ምናምን ዓመት ሽማግሌ። የሞተው በ1949 ነው። የተቃጠለውን ሕንፃ አዲሱ መንግሥት በ1948 ጠግኖ በመሪው በቺያንግ ካይሼክ ስም «ረጅም ዕድሜ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ከ2006 ወዲህ በይፋ ስሙ የፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ሕንፃ ነው፣ ያ ብቻ።

ሰዓቴ እያለቀ ነው መሰል፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። አንድ ፎቶ ቀርቶኛል።

ይህ ሱዋ ነው፣ ጃፓን ናጋኖ በሚባለው ክልል ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር። ካታኩራ የሚባል የሐር ኩባንያ ነበር። ባለቤቱ አውሮፓ ሄዶ እዚያ ያሉትን የፍል ውኃ ከተሞች ሲያይ፣ የአገሬ ሰውም ይህ ይገባዋል ብሎ ተመለሰ። በ1928 ለአካባቢው ሕዝብ የመታጠቢያ ቤት አሠራ። አርክቴክቱ ሞሪያማ። ሥራው ያለ ጠቅላይ ገዥ፣ ያለ ማማ፣ ያለ ውድድር ነው የተሠራው። ገንዳውን «የሺህ ሰው» ይሉታል፣ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው መቶ ያህል ነው። ጥልቀቱ 1.1 ሜትር ነው፣ ቁጭ ካላችሁ ትሰምጣላችሁ። ስለዚህ እንደ ቤይቶው ነው፣ ሰው ቆሞ ይታጠባል። ወለሉ ላይ ጥቁር ጠጠር ተነጥፎበታል፣ በባዶ እግር ሲረግጡት መሃል እግርን ይጫናል።

የቤይቶው ገንዳ ዛሬ ደረቅ ነው። ጎብኚ ዳሩ ላይ ቆሞ ወደ ባዶው ያያል። የሱዋው አሁንም ሙቅ ነው። ሰዎች መግቢያ ከፍለው፣ ልብሳቸውን አውልቀው ይገባሉ። ውኃው ደረት ድረስ ይመጣል፣ ከግድግዳው ላይ ቅርጻ ቅርጾቹ ቁልቁል ያያሉ፣ ከእግር ሥር ጠጠሩ ይንሸራተታል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።